ሦስት ጎድን

በረዶ ጠራጊ ነኝ፥ የሌሊት ተረኛ፣
ሁሉ ተኝቶ ሳለ እኔ መንገደኛ።
በቫርምላንድ ጫካ፣ ከትንሹ ሐይቅ ማዶ፣
ኅዳር ሲጨልም፣ ሲከመር በረዶ፣
መብራቴ አንድ ንጋት ከጥዱ ሥር ቢያርፍ፣
ቀይ መስመር አነበብኩ በነጩ ጫፍ ለጫፍ።

ወረድኩ።
ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ እንደተከፈተ።

ከፈረስ ትገዝፋለች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣
አማርኛዬ ለሷ አንድ ስም የለውም።
እዚህ ኤልግ ይሏታል፤ እኔም ኤልግ አልኳት፣
አጋዘን እንዳልላት አጋዘን ልጇ ናት።
ከሆዷ ጀምረው ግማሿን ጨርሰዋል።

ዱካው ይናገራል።
አራት ሆነው መጡ፣ አንዱ በሌላው ዱካ እየረገጠ፣
እስከ ሜዳው ድረስ አንድ እንስሳ መስለው።
ከዚያ ተበተኑ።
እሷ አልሸሸችም። ጥድ ተደግፋ ቆማለች፤
በረዶው በኮቴዋ እስከ አፈሩ ተቆፍሯል።
ነገሩ ቶሎ አላለቀም።

ተኩላን የማውቀው በስብከት ነበር፥
የበግ ለምድ ለብሶ፣ በሰው አፍ፣ በሰው ገላ።
እዚህ የመጣው ግን የራሱን ለብሶ ነው፣
አንድ ቃል ሳይዋሽ።

ሐሙስ ማታ በአዳኞች ማኅበር አዳራሽ ስብሰባ ሆነ፣
ከግድግዳው ቀንድ፣ ከጠረጴዛው የቀረፋ ዳቦ።
ከአውራጃው የተላከችው ልጅ ካርታ ሰቅላ
"አንድ መንጋ በዓመት መቶ ያህል ኤልግ ይበላል" ብትል፣
"ከመቶው የኔ ድርሻ ስንት ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።
የደን ኩባንያው ሰው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣
"ችግኜን የጨረሰው ኤልግ ነው፣ እኔ ተኩላ አልከስም" አለ፤
ተሳቀበት፥ ግማሹ ከልቡ።

ጉንቮር ተነሳች። በሰኔ አሥራ አንድ በግ አጥታለች።
"እጠሪ ትሉኛላችሁ። አጥሬ ነበር።
ያን ጠዋት ያስለቀሱኝ የሞቱት አይደሉም፤
የተረፉት ናቸው፥ አጠገባቸው ዝም ብለው ሲግጡ።"

"ከጥቂት አያት ነው የተዋለዱት" አለች ልጅቷ፣
"ከዚህ ከቀነሱ ይጠፋሉ።"
ቶርግኒ፣ መስከረም ላይ ውሻው የተበላበት፣
"ይጥፉ" አለ። ሌላ አልጨመረም።

አንዱ ስንት ይኑሩ፣ ሌላው ስንት ይሙቱ፤
ቁጥር ተጻፈ፣ ተሰረዘ፣ ደግሞ ተጻፈ።
እኔ ወንበር አጥፌ ደረደርኩ።
ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም አላውቅም።

በታኅሣሥ ማብቂያ ፈቃዱ ወጣ።
ቶርግኒ ትልቁን ጣለ፣
በመኪናው ጀርባ አጋድሞ አመጣው።
ሰው ለፎቶ ሲሰበሰብ ጓንቱን አወለቀ፣
እጁን በፀጉሩ ውስጥ ሰደደ፣ ውሻ እንደሚያሻሽ፥
ጣቶቹ ቆሙ።
"ና" አለኝ፣ "እዚህ ጋ ንካ።"

ሦስት ጎድን።
ተሰብረው፣ ጠመው የገጠሙ፣
ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ ቋጠሮ።
የኤልግ ርግጫ ነው፣ ዓመት ያለፈው፥ ምናልባት ሁለት።
በዚያ ጎድን ሮጦ አድኗል፣
ወይ ተኝቶ ሳለ ያበሉት ነበሩ።

ቶርግኒ በጎረምሳነቱ ግንድ ተንከባሎበት
ሦስት ወር እንደተኛ መንደሩ ያውቃል፤
ዛሬም ሲያስለው ግራ ጎኑን ይይዛል።
"ፈገግ በል!" አሉት።
ፈገግ አለ።
ፎቶው ማኅበሩ ግድግዳ ላይ አለ፤ እጆቹን ያየ የለም፥
አንዱ ከተኩላው ጎን፣ አንዱ ከራሱ።

በየካቲቱ ስብሰባ ደግሞ "ይጥፉ" አለ።
ድምፁ ቀንሶ ነበር፤ ወይ ጉንፋን ይሆናል።

ያን ሌሊት ጣለ። ወጣሁ።
ከጉንቮር ደጃፍ አለፍ ብሎ መንገዱን ያቋርጣል፥
አዲስ ዱካ፣ በዱካ ላይ ዱካ፣ ስንት እንደሆኑ የማይታወቅ።
መጥረጊያውን ብረት አነሳሁ፣
አሥር ክንድ ያህል ሄድኩ፣ መልሼ አወረድኩት።

በማለዳ ስልክ ጮኸ፥ ጉንቮር ናት፣ በቁጣ፦
"እዚያ ጋ ሳትጠርግ የሄድከው ምን ነክቶህ ነው?"
"ረሳሁት" አልኳት፥
ለምዴን ደርቤ።